የዓርብ ቼኮች

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ዋንዳ አንድ እግሯን ነጭ የጎማ ቦቲ ውስጥ ከትታ፣ በሌላው በካልሲ እንደቆመች አነሳችውና አየችው። ከዚያ ሁለተኛውን ቦቲ ማጥለቋን ተወችው።

«ታቪ፣ ነይማ እዚህ። ይሄን ነገር አንብቢልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?»

የአሥራ አምስት ዓመቷ ኦክታቪያ፣ ቤትም ሰፈርም ታቪ የሚሏት፣ የጥርስ ብሩሿን እንደነከሰች ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ገና አልነጋም። እናቷ የምትሠራበት የአምባዛ ፋብሪካ የጠዋት ፈረቃውን የሚያስገባው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ስልኩ ላይ ከባንክ የመጡ ሦስት መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ የሦስቱም ትሕትና ለጉድ ነው። ውድ ደንበኛችን፣ ሒሳብዎ ከዜሮ በታች ስለወረደ የሠላሳ አምስት ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ። ከሥር በቀይ የተጻፈው ቀሪ ሒሳብ መቶ ሃምሳ ዶላር ይላል። ከፊቱ ግን አንዲት ትንሽ ሰረዝ አለች፤ ጉዱ ያለው እሷ ላይ ነው።

«እውነት ነው እማ።»

«እንዴት ይሆናል? ትናንት ሰማንያ ሦስት ዶላር ነበረኝ።»

ዋንዳ ሒሳቧን እንደ ዳዊት በቃሏ ትደግመዋለች። መብራት ስድሳ አራት ይወስዳል፣ ቤንዚን አሥራ ሁለት፤ የተረፈችው ሰባት ዶላር እስከ ዓርብ ትዘልቃለች፣ ዓርብ ደመወዝ ይገባል። እንዲህ እያብቃቃች ነው ዓመቱን የምትገፋው። በጣቷ ስክሪኑን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«አሥራቴ» አለች። «ሃምሳ ዶላር አሥራቴ ወጥቷል። ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

ታቪ አፏ ውስጥ ያለው የጥርስ ሳሙና ድንገት መረራት። እናቷ ያልገባት ነገር ለእሷ ገብቷታል።

በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው። የሚሲሲፒ ዴልታ ፋብሪካዎች ደመወዝ የሚከፍሉት ደግሞ ዓርብ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ታቪ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ አንድ ዘዴ አላቸው። እሁድ ቼኩን ይጽፉና የዓርብን ቀን ያሰፍሩበታል። ገንዘብ ያዡ ዲያቆን ፒትስ እነዚህን ቼኮች ከሌሎቹ ለይተው፣ ድሮ የቅቤ ብስኩት በነበረባት ሰማያዊ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ቆርቆሮዋ ፍሪጃቸው አናት ላይ ሆና ሳምንቱን ትጠብቃለች። ዓርብ ከሰዓት፣ ደመወዝ መግባቱን ከሴቶቹ አፍ ሲሰሙ፣ ያኔ ቼኮቹን ያስገባሉ። እግዜር አይቸኩልም፣ ይላሉ ሁልጊዜ። ባንክ ይቸኩላል።

ዋንዳ በአንድ ቦቲ እንደቆመች ባንክ ደወለች። ብዙ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ ድምፁ ማር የሆነ ወጣት አነሳ። ቼክ ላይ የተጻፈውን ቀን ባንኩ እንደማያይ፣ ቼኩ በመጣ ጊዜ እንደሚከፍል በጨዋ ቋንቋ አስረዳት። ትልልቁ ወጪ ቀድሞ እንደሚቆረጥም ነገራት። መብራቱና አሥራቱ ያለውን ጠርገው ከወሰዱ በኋላ፣ ከኋላ የተሰለፉት ትንንሾቹ ባዶ ቤት ነው የገቡት፤ ለጎደለው አሥራትም፣ ለእያንዳንዳቸውም ሠላሳ አምስት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይሄ ነው። ዋንዳ ቅጣቱ እንዲነሳላት ለመነች። በዓመት አንዴ እናነሳለን፣ እሱንም በየካቲት ተጠቅመውበታል አላት። ደግሞም ይሄ ቅጣት ሳይሆን ከለላ እንደሚባል፣ ሒሳቡን ስትከፍት ከለላውን ፈልጋ የፈረመችው ራሷ እንደሆነች አስታወሳት። እውነት ነው፣ ፈርማለች። ከለላ ይፈልጋሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ማን አልፈልግም ይላል?

ስልኩን ዘግታ ዝርዝሩን እንደገና አየችው። «ይቺ የሁለት ዶላር ምናምን ምንድን ናት?»

«ቺፕስ ናት» አለች ታቪ በቀጭን ድምፅ። «ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ። ካርድሽን ሰጥተሽኝ ነበር።»

ዋንዳ ልትስቅ ሞከረች። «ሠላሳ ሰባት ዶላር የወጣባት ቺፕስ። ቢያንስ ጣፍጣሽ ነበር?»

ሳቁ ግን አልዘለቀም። ሦስቱ ቅጣት ተደምሮ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆማ ከአንድ ቀን በላይ የዓሣ ቆዳ የገፈፈችበት ገንዘብ ነው። ሁለተኛውን ቦቲ አጠለቀች፣ የፀጉር መረቧን ኪሷ ከተተች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ዲያቆን ፒትስ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም» አለች። «ምን ነካቸው?»

ዲያቆን ፒትስን ምንም አልነካቸውም። ታቪ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ያለፈው ሳምንት የዲያቆኑ ግራ ዓይን ሞራው ተገፎ ነበር። የከተማዋ የባንክ ቅርንጫፍ ከተዘጋ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኗ ቼክ የምታስገባው በስልክ ፎቶ እያነሳች ነው፤ ይሄ ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሆን ሥራ አይደለም። ታቪ ልርዳዎት አለቻቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነው፤ ትልልቆቹ የሚፈሩትን ነገር እሷ በአውራ ጣቷ ነው የምታሽከረክረው። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከመባ ሳህኑ የወጡትን ቼኮች ደረደሩላት። ቆርቆሮዋንም አውርደው የዓርቦቹን ጨመሩና ከደኗት። «ቆርቆሮዋን ተያት» አሏት። ወንበራቸው ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ሊከድኑ ሲሉ ደግሞ ደገሙት። «ቆርቆሮዋን ተያት፣ እሺ ልጄ?»

እሺ አለች። ሥራው ግን ቶሎ አለቀባት፣ ዲያቆኑም ማንኮራፋት ጀመሩ። ቆርቆሮዋን ከፍታ አየች። ቼኮቹ ሁሉ ላይ የዓርብ ቀን ጥርት ብሎ ተጽፏል። ባንክ ማንበብ ያቅተዋል እንዴ? ቀኑን አይቶ ይጠብቃል፣ አለች ለራሷ። ዓርብ ሌላ ድካም ከሚሆንባቸው አሁኑኑ ብጨርሰውስ? ዓርብ ስትነግራቸው «አቤት ፍጥነት!» ሲሏት ሁሉ ታያት። አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቻቸው፣ መልሳ ከተተቻቸው፣ ክዳኑን ገጠመች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ፋብሪካውን አዳረሰ። ዓሣ ከሚገፍፉት ሴቶች ግማሹ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ቆርቆሮዋ ውስጥ ቼክ የነበራቸው ሁሉ ያ ትሕትና የተሞላው መልእክት ደርሷቸዋል። አንዷ የመኪናዋን ወርኃዊ ክፍያ የምትከፍልበት አጥታለች። አንዷ አምስት ጊዜ ተቀጥታለች። ሁሉም ለዲያቆን ፒትስ ደወለ።

ማታ ዋንዳ ከዓሣ ሽታዋ ጋር ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። «እሁድ እሳቸው ጋ ነበርሽ አይደል?» ስትል ጠየቀቻት። «ቼኮቹን የላክሻቸው አንቺ ነሽ?»

«የሰጡኝን ነው የላክሁት» አለች ታቪ፣ ቴሌቪዥኑን እያየች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዲያቆን ፒትስ ናቸው። ዋንዳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው፤ ሁለቱም እንዲሰሙ።

«ታቪ፣ ልጄ፣ ልቆጣሽ አይደለም የደወልኩት» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቆርቆሮዋን ተያት ያልኩሽ መስሎኝ ነበር። አላልኩሽም እንዴ?»

ዋንዳ ልጇን ታያለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው ያለው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። አዎ ብለውኝ ነበር ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሌላ ነው።

«ሁሉንም ላኪው ነው ያሉኝ።»

በዚያኛው ወገን የዲያቆኑ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ተሰማ።

«እንደዚያ ነው ያልኩሽ?»

«አዎ።»

«እሺ ልጄ። እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ሊዘጉት ሲሉ ደግሞ፣ «ዛሬ... ማክሰኞ ነው አይደል?» አሉ።

ማክሰኞ ነው አለቻቸው ዋንዳ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የዲያቆኑን ታላቅ ወንድም፣ አሞስን፣ ታስታውሰው እንደሆነ ታቪን ጠየቀቻት። ታቪ አታስታውሰውም። አሞስ መጀመሪያ ቀን ነበር የጠፋበት፤ ማክሰኞን እሁድ ነው ብሎ ሱፉን ለብሶ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቀመጥ ነበር። ቀጥሎ ስም ጠፋበት። በመጨረሻ ማንኪያ ምን እንደሚሠራበት ጠፋው፣ ዲያቆን ፒትስም እስኪሞት ድረስ በእጃቸው አጎረሱት። «እሱም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለች ዋንዳ። «ምስኪን። ከዓይናቸው ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራቸው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ታቪ ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ አደረች። ጥፋቱ የባንኩ ነው ብላ ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም። የተጻፈ ቀን የማያነብ፣ የሁለት ዶላር ቺፕስ ላይ ሠላሳ አምስት ዶላር የሚጭን፣ ለሌለው ሰው የሌለውን የሚያስከፍል ባንኩ ነው። በባንኩ ተናደደች፣ በማር ድምፁ ልጅም ተናደደች። ይሁን እንጂ «አዎ» ያለው ባንኩ አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ኪያራ አጠገቧ ዘፍ አለች። ኪያራ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ እናቷም ከዋንዳ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ዓሣ የምትገፍፈው።

«የሽማግሌው ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ሰምተሻል?» አለች ኪያራ፣ ለአውቶቡሱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ፒትስ አብቅቶላቸዋል። እናቴ ሁለት ጊዜ ተቀጣች። ልትገዛልኝ የነበረው ጫማ ቀረ በቃ፤ የትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ በአሮጌው ነው የምሰለፈው።»

«አንዳንዴ ሰው ይሳሳታል» አለች ታቪ።

«አቦ ተይ፣ ይሄ መሳሳት ነው? ዛሬ ማታ ጸሎት ላይ እኮ እጅ አውጥተው ሊወስኑባቸው ነው። ቆርቆሮዋን ይቀሟቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልሱንን የቫኗንም ቁልፍ። ማን ያውቃል፣ አንድ እሁድ እንደጫኑን ሚሲሲፒ ወንዝ ይዘውን ይገባሉ።» ከዚያ አንገቷን ሰብራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ መሪ እንደያዘ ሽማግሌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዘች። «ዛሬ ምን ቀን ነው ልጆቼ? የገና በዓል ነው እንዴ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ታቪም ሳቀች። ሳቋን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስም መልሳ አላዞረችውም። ያን ቀን የሒሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠራት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥያቄው ምን እንደሆነ አልሰማችም። በአእምሮዋ የሚመላለሰው ሌላ ሒሳብ ነው። ብትናገር ኪያራ ታውቃለች፣ አውቶቡሱ ያውቃል፣ ጫማ የቀረበት ሁሉ በማን እንደቀረበት ያውቃል። እናቷም ልጇ ዓይን ለዓይን እያየቻት እንደዋሸች ታውቃለች። ዝም ብትል ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጎዳው። እሱም አእምሮዬ ከዳኝ ብሎ አምኖ ይኖራል።

ማታ ለረቡዕ ጸሎት የሄዱት በእግራቸው ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን እስከ ዓርብ ለሥራ መመላለሻ መቆጠብ አለበት። ዋንዳ ጥጥ ማሳውን አልፈው የቤተ ክርስቲያኗ መብራት ሲታይ ነው አፏን የፈታችው።

«እኔ እጄን አላወጣባቸውም» አለች። «ሌሎቹ ያውጡ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እናቴን ማን ይቀብርልኝ ነበር? ግን ሁለተኛ ቼኬን እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አልከትም፣ ታቪ። አልችልም። እሁድ ባዶ እጄን መምጣት ካለብኝ ባዶ እጄን እመጣለሁ።»

ይሄን ያለችው ሰው መርዶ ሲናገር በሚያሰማው ድምፅ ነበር።

ሰዉ መግባት ጀምሯል። የቤተ ክርስቲያኗ ነጭ ቫን ከግድግዳው ጥግ እንደወትሮው ቆማለች፤ የቫኗ በር ደረጃ ላይ ዲያቆን ፒትስ ተቀምጠዋል። የእሁድ ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ግራ ዓይናቸው ላይ የላስቲክ መከለያ ተለጥፏል፣ ቆርቆሮዋ ጭናቸው ላይ ናት። ቁልፉን በቀኝ እጃቸው ጨብጠውታል። ዋንዳ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ነካ አደረገች፣ እንደምን አመሹ አለቻቸው፣ ቀና ብላም ሳታያቸው ገባች። ታቪ ውጭ ቀረች።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት ጠጋ ብለው። «ረቡዕ ነው አይደል ዛሬ?»

«ረቡዕ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ሁሉም ረቡዕ ነው አለኝ። ይሁንና ሲመሽ ደግሞ መጠየቅ አማረኝ።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ጎባጣ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው የልጅነት አስተማሪዎቻቸውን ስም ሲጠሩ እንዳደሩ ነገሯት። አንዷ ትዝ አልል ብላቸው ሊነጋጋ ሲል ነበር የመጣችላቸው። ቁልፉን በመዳፋቸው አገላበጡት። «ይሄንንም ቆርቆሮዋንም ለፓስተሩ ላስረክብ ነው። ሰው ከሚቀማኝ በገዛ እጄ ብሰጥ ይሻላል። የሰው ልጅ ጭኖ የሚነዳ ሰው ራሱን ማመን አለበት።»

ከውስጥ ፒያኖው ተሰማ። ታቪ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«አንቺን ግን አመሰግንሻለሁ» አሉ ዲያቆኑ። «ሌላ ሰው ቢሆን እንዳይከፋኝ ብሎ ይዋሸኝ ነበር። አንቺ እውነቱን ነገርሽኝ።»

እዚህ ላይ ታቪ መቻል አቃታት። እጇን ሰድዳ ቁልፉ ያለበትን ጣታቸውን ያዘች፤ ለምን እንደያዘችው እሷም አታውቅም፣ ብቻ እንዳይነሱ ፈርታ ነው።

«አላሉኝም» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም ላኪው አላሉኝም። ቆርቆሮዋን ተያት ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ የከፈትኳት፣ እርስዎ ሲተኙ። ባንኩ ቀኑን ያነባል ብዬ... ማክሰኞ ዋሸሁዎት።»

የዲያቆን ፒትስ ደህናው ዓይን ፊቷ ላይ ቆየ። ፒያኖው አንድ መዝሙር ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«እስቲ ድገሚው» አሉ ቀስ ብለው። «ተያት ብዬሽ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያሉኝ። አንዴ ሲከድኗት፣ አንዴ ደግሞ ሊያሸልብዎ ሲል። እሺ ልጄ ብለው ሁሉ ጠየቁኝ።»

«ሁለት ጊዜ።» ከንፈራቸው ቃሉን እንደገና አለው፣ ድምፅ ሳያሰማ። «ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽኝ?»

«እናቴ እያየችኝ ነበር። ፈራሁ።»

ተነሱ። ጥቂት እርምጃ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ወደ ጨለመው ማሳ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ትከሻቸው ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ታቪ አየች። እያለቀሱ ይሁን እየተነፈሱ ማወቅ አልቻለችም። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ሲመለሱ መሐረባቸውን ኪሳቸው እየከተቱ ነው።

«ተቆጥቼሻለሁ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ከአሞስ ጋር ነው ያሳደርሽኝ። ግን በኋላ ነው የምቆጣሽ፤ አሁን ጊዜ የለኝም።» ከዚያ የቫኗን ቁልፍ ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ከላዩ መታ መታ አደረጉት። «ረቡዕ ነው» አሉ፤ ይሄኛው ጥያቄ አልነበረም። «ረቡዕ ነው ዛሬ።»

ታቪ ተነስታ ልብሷን አራገፈች። ምን ልትል እንደሚገባት ግራ ገብቷት፣ «ቆርቆሮዋን ልያዝልዎት?» አለች።

«ቆርቆሮዋን ተያት» አሉ ዲያቆኑ።

ተወቻት። ገንዘቡ እንደማይመለስ፣ ማር ድምፁ ልጅም ለማንም እንደማያዝን ታውቃለች። ኪያራ ነገ አውቶቡስ ውስጥ ምን እንደምትሆን አላወቀችም፤ እናቷ ዛሬ ቤት ሲገቡ ምን እንደምትላትም አላወቀችም። ዲያቆን ፒትስ በሩን ከፈቱላት፣ እሷም ቀድማ ገባች።

ውስጥ ፓስተሩ ስለ ዛሬው ጉዳይ መናገር ጀምረዋል። የኪያራ እናት እጇን ልታወጣ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣለች፤ ኪያራም አጠገቧ አለች። ዋንዳ ልጇን ስታይ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት፣ በእጇም ቁጭ በይ አለቻት። ታቪ እናቷን አየቻት። ከዚያ መተላለፊያው መሐል ሰው ሁሉ ሊያያት በሚችልበት ቦታ ላይ ለመናገር ቆመች፤ አልተቀመጠችም።